አጥንት መከስከሻዋ

ወይንሸት ስልኳ ላይ ስማቸውን ስታገኝ በእልልታዋ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ሲቆጥቡለት የኖሩት የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷቸዋል።

"ስንተኛ ብሎክ?" አላት ባሏ።

"አስራ አራት። ምነው፣ ደስ አላለህም እንዴ?"

"ብሎኛል" አለና ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

ብሎክ አስራ አራት ሲሠራ ፎርማኑ እሱ ነበር። አርማታው በተሞላ ቀን አለቃው ሲሚንቶውን አስቀነሰ። ለላቦራቶሪ ምርመራ የሚላከውን ናሙና ግን እሱ በገዛ እጁ፣ ሲሚንቶ ሳይሰስት፣ ለብቻው አቡክቶ ሞላው። ናሙናው አለፈ፤ ሕንጻውም አብሮ አለፈ። የተረፈችውን አንዲት፣ እንደ ጥርብ ድንጋይ ባለ አራት ማዕዘን ሆና የደረቀች የአርማታ ናሙና ቤት ይዟት ሲመጣ ከየት እንዳመጣት እንጂ እንዴት እንደተቦካች ለማንም አልተናገረም።

አማቱ እማማ ስንቅነሽ ለቅቅል አጥንት የሚከሰክሱት እሷው ላይ ነው። አሁንም አጠገቡ ተቀምጠው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓት።

"ስንት አጥንት ከሰከስኩባት፣ ጠርዟ እንኳ አልተሸረፈም። ልጄ፣ ከብሎክ አስራ አራት ነው ያመጣኋት አላልከኝም?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ፎቅ ላይ መኖር እፈራ ነበር" አሉ። "ይቺን ሳይ ግን ልቤ አረፈ።"