የትኋን ማጥፊያው ፈቃድ

ጉለሌ፣ ከቁስቋም በታች ያለው አንድ የመንግሥት ቤተ ሙከራ ትኋን የሚያጠፋ ፈሳሽ ከሠራ ዓመታት አልፈዋል። ፈሳሹ ከባሕር ዛፍ ቅጠል የሚወጣ ነው። ትኋኑን ከነእንቁላሉ ይጨርሳል፤ ሰው ላይ ግን ምንም ጉዳት አያደርስም። የጎደለው ፈቃድ ወስዶ የሚያመርተው ነጋዴ ብቻ ነበር።

ፈቃዱን የሚሰጠው ኮሚቴ ሦስት ሰዎች አሉት። ሰብሳቢው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ቶለሳ ናቸው፤ ጡረታቸው ስለደረሰ ከስብሰባው ይልቅ ወገባቸው ያሳስባቸዋል። ፈሳሹን የፈለሰፉት ዶክተር ጌጤ አባል ናቸው። ሦስተኛው ከነጋዴዎች ጋር የሚደራደረው ሌንጮ ነው። ሦስቱ በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም። አንዱ ሲገኝ ሌላው መስክ ይወጣል፤ ሁሉም የተገኙ ቀን ደግሞ መብራት ይጠፋል።

ነጋዴዎች አልመጡም አይባልም። ይመጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ፈሳሹን ያሸታሉ፣ ያደንቃሉ። ከዚያ ሁሉም አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

«ማን እየሸጠው ነው?»

«ማንም። አዲስ ነው» ይላል ሌንጮ።

«እንግዲያው ገበያ ላይ ስናየው እንመጣለን።»

የእኛ ነጋዴ ጎረቤቱ ሲሸጠው ያላየውን ዕቃ አይነካም፤ ጎረቤቱ የሸጠውን ደግሞ በማግስቱ ይደረድረዋል። ይህን መልስ ከመስማት ብዛት ሌንጮ ነጋዴ ሲመጣ ቆሞ መቀበል ተወ። ዶክተር ጌጤም ስብሰባ ላይ ማንቀላፋት ጀመሩ። ሳያመነታ ልውሰድ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለኤግዚቢሽን የመጣው የሳሙና ነጋዴ ቡሽራ። የእሱ ካፒታል ደግሞ መመሪያው ከሚጠይቀው በታች ሆነ። የስልክ ቁጥሩን ለሦስቱም ሰጥቶ ሄደ።

አንድ ቀን አቶ ኢክረማ የሚባሉ ትልቅ አስመጪ መጡ። ሻዩን አልፈለጉም። ከቦርሳቸው ቢጫ ክዳን ያለው ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙት።

«ይኼ የእናንተ አይደለም እንዴ? አዲሱ ገበያ አንድ ሱቅ ውስጥ ሰው እየተሻማ ሲገዛው አየሁ። ፈቃዱን እኔ እወስደዋለሁ። ግን ቀመሩን ያወጣው ሌባ እዚህ ቁጭ ብሎ አልፈርምም። እኔ ፋብሪካ ከፍቼ እሱ በጓሮ ሊሸጥብኝ?»

ዶክተር ጌጤ ጠርሙሱን ከተቀመጡበት ሆነው አዩት።

«ሎሚ ጨምሮበታል፤ ሽታው እንዲሻለው ነው» አሉ።

ማንም ክዳኑን አልከፈተውም ነበር።

«ቀመሩ ያለበት ክፍል ቁልፍ ከእኛ ሌላ አንድ ሰው እጅ ነው ያለው» አሉ አቶ ቶለሳ ወገባቸውን እያሹ። «ቢሊሱማን ጥሯት።»

ቢሊሱማ ከኤግዚቢሽኑ በኋላ የተቀጠረች የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ናት። የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳ ቋሚ ልትሆን ጥቂት ቀርቷታል። እናቷና ታናናሾቿ የሚኖሩት በእሷ ደሞዝ ነው። ቤታቸው አዲሱ ገበያ ነው። ሌላው ሠራተኛ ከወጣ በኋላ ብቻዋን ትቆያለች፤ በቅርቡ ደግሞ አዲስ ስልክ ይዛ ታይታለች።

«የቡሽራን ሱቅ ታውቂዋለሽ?» አላት ሌንጮ።

«የቱ ቡሽራ?»

«ከጎሚስታው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው። ሠፈርሽ አይደለም እንዴ?»

«ጎሚስታውን አውቀዋለሁ። ከጀርባው ሱቅ መኖሩን ግን... እኔንጃ።»

ሌንጮ አቶ ቶለሳን አየ፤ እሳቸው ጣሪያውን አዩ። የሠፈሬን ሱቅ አላውቅም የምትልን ልጅ ማን ያምናታል?

«ስልኩንስ በምን ገዛሽው?»

«ዕቁብ ደርሶኝ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለ ሌንጮ። ድምፁ ግን ሞቅ አላለም።

ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ሲገባት እንባዋ መጣ። «እኔ ምንም አላወጣሁም። ብባረር እናቴን ምን እላታለሁ?» አለች። አንጀት ትበላለች።

«በቃ አታልቅሺ» አሉ ዶክተር ጌጤ ወደ መስኮቱ ዞረው። «ጥሩ የሥራ ልምድ እጽፍልሻለሁ።»

ቢሊሱማ ፊቷን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች። «ሻጩን ጥሩትና ይናገር!»

«አያስፈልግም» አሉ አቶ ቶለሳ።

«ምንም አያስፈልግም» አሉ ዶክተር ጌጤ።

«እሱ ምን ያደርግልናል?» አለ ሌንጮ።

ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ በአንድ ድምፅ ሲወስን ይህ የመጀመሪያው ነበር። አቶ ኢክረማ ግን የኮሚቴው አባል አይደሉም። «ሳልሰማው አልፈርምም» አሉና ሹፌራቸውን ላኩ።

መጠበቁ ሁሉንም አደከማቸው። አቶ ቶለሳ ተነሥተው ተቀመጡ፣ ደግመው ተነሡ። ሌንጮ ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ። ዶክተር ጌጤ ያን ቀን አላንቀላፉም። ቢሊሱማ በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች፤ ተቀመጪ ያላት ሰው አልነበረም።

ቡሽራ ጫማውን ጠርጎ ገባና ሰላምታ ሰጠ።

«አይዞህ፣ የሚነካህ የለም» አሉት አቶ ኢክረማ። «ፋብሪካው ሲከፈት አከፋፋዬ ትሆናለህ። ብቻ እውነቱን ንገረኝ፤ ቀመሩን የሰጠችህ ይቺ ልጅ ናት?»

ቡሽራ አቶ ቶለሳን አየ፣ ዶክተር ጌጤን አየ፣ ሌንጮን አየ። ከዚያ በሩ አጠገብ ወደቆመችው ልጅ ዞሮ ትክ ብሎ ተመለከታት።

«ወላሂ፣ ከዚህ መሥሪያ ቤት ሰዎች ያላመጣችልኝ እሷ ብቻ ናት» አለ።