«አቋርጪያቸው»

የከተማው ምክር ቤት አባል ሃልቨርሰን ሳይታሰብ ማሰራጫ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ማንኛውም ነዋሪ የሚናገርበት የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኃላፊ ቬርና ክፉ ጠረጠረች። ከመስታወቱ ማዶ አሮጊቷ አርዲስ ስለ ቡናማው የቧንቧ ውሃ በቀጥታ ስርጭት እየተናገሩ ነበር። ምክር ቤቱ በጣቢያው በጀት ላይ ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ በማግስቱ ነው።

«እኚህን ሴትዮ አቋርጪያቸው» አላት ፈገግ ብሎ። ፈገግታው አልጣማትም።

«ሕጉ ተናጋሪ እንዳቋርጥ አይፈቅድልኝም። ለእርስዎም አይፈቅድም።»

«በጀቱስ?»

«ጣቢያውን እዘጋለሁ እንጂ የሰው አፍ አልዘጋም» አለች።

ትክ ብሎ አያትና ከኮቱ ኪስ ቡናማ ውሃ የሞላበት ጠርሙስ አወጣ። «ከቤቴ የቀዳሁት ነው። የምክር ቤት ጓደኞቼ ዝም በል ብለውኛል። አንቺም ታቋርጪኝ እንደሆነ ላውቅ ፈልጌ ነው። አርዲስ አጠገብ ወንበር አለ?»

አሁንም አላመነችውም። ጠርሙሱን ተቀብላ ከፈተችና አሸተተችው፤ እውነትም ዝገት ዝገት ይላል። ከዚያ ወደ አርዲስ የሚያስገባውን በር ከፈተችለት።