አውርጂው

የወርቅውሃ ከመኪናው ስትወርድ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ልጇ መቅደስ ክንዷን ልትይዛት እጇን ትዘረጋለች፤ አሮጊቷ ጋቢዋን ጥብቅ አድርጋ ትሸሻታለች።

«ጎንሽን አመመሽ እንዴ፣ እማዬ?»

«ምንም አልሆንኩ። ይልቅ ፓርክ ያደረግሽበትን አትርሺ፤ እንዳለፈው ኦክላንድን ሙሉ እንዳታዞሪኝ።»

አዲሱ ክሊኒክ ደጃፍ ላይ ሕዝብ ተሰብስቧል። አገረ ገዥው ሪባን ሊቆርጡ መጥተዋል። ሰኞ ሥልጣናቸውን ያስረክባሉ፤ ከዚያ ወዲያ ፊርማቸው እንደ ማንኛውም ሰው ፊርማ ነው። የታሰረው የዳዊ የምሕረት ማመልከቻ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠረጴዛቸው ላይ ተኝቷል።

ስለ ራሳቸው ይናገራሉ። እናታቸው ሳን ሆዜ ውስጥ ፍራፍሬ በቆርቆሮ እያሸጉ እንዳሳደጓቸው፣ በማታ ትምህርት ሕግ እንደ ጨረሱ፣ ዐቃቤ ሕግ እንደ ሆኑ። «በዚያ ወንበር ሳለሁ አንድም ወንጀለኛ አላመለጠኝም» ሲሉ ሰዉ ያጨበጭባል።

ካላመለጡት አንዱ የመቅደስ ወንድም ነው። ዳዊ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የዘራፊዎቹን መኪና ነዳ፤ መሣሪያ አልያዘም፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የዐቃቤ ሕጉ ፎቶ መጀመሪያ ጋዜጣ ላይ የወጣው በዚያ ፍርድ ማግስት ነበር።

«ምን አሉ?» ትላለች እናቷ።

«ስለ እናታቸው ነው።»

«እናት ካላቸውማ ይሰሙኛል።»

አገረ ገዥው የሰዉን እጅ እየጨበጡ ደረጃውን ይወርዳሉ። ጆሮው ላይ ሽቦ ያንጠለጠለ ጠባቂ የአሮጊቷን ጋቢ ያያል። ያልፈውና ተመልሶ ያየዋል። መቅደስም ዐይኑን ተከትላ ታያለች፤ ጋቢው በግራ ጎን አብጧል። ጠዋት ሳን ፓብሎ፣ እሷና እናቷ ከሚኖሩበት ቤት ደጃፍ፣ ከአበባው መደብ አንድ ድንጋይ ጎድሎ ነበር።

«እማዬ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም።»

የወርቅውሃ ግን ተንበርክካለች። ድንጋዩን በሁለት እጇ ከጋቢው አውጥታ ማጅራቷ ላይ ትጭነዋለች፤ ምሕረት ለማኝ እንደሚያደርገው፣ አንገቷን ደፍታ።

ሁለት ጠባቂዎች አገረ ገዥውን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ጥቁሩ መኪና ይገፏቸዋል። ሦስተኛው ሽጉጡን መዝዟል።

«ፑት ኢት ዳውን።»

«ሺ ኦንሊ ሃዝ ኤ ስቶን» ትላለች መቅደስ። ድንጋይ ብቻ ነው የያዘችው ማለቷ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ለመወርወር የያዘችው እንደሚመስል የሚገባት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«ፑት ኢት ዳውን። ናው።»

«ምን ይለኛል?»

በመቅደስና በእናቷ አገር ድንጋይ የተሸከመን ሰው አውርድ ማለት ምሬሃለሁ ማለት ነው።

«አውርጂው ነው የሚልሽ፣ እማዬ።»

«እሱ ማነውና? የሚያስወርደኝ የለመንኩት ሰው ነው። እሳቸው ካላሉኝ አላወርድም።»

ጥቁሩ መኪና ተነሥቷል። ጠባቂው ጣቱን ወደ ምላጩ ያስጠጋል።

«እሳቸው ናቸው» ትላለች መቅደስ። «በገዛ አፋቸው። አውርጂው ብለውሻል።»

አሮጊቷ ድንጋዩን ቀስ ብላ፣ እንደ ተኛ ሕፃን፣ አስፋልቱ ላይ ታሳርፈዋለች። ጠባቂው እጇን ወደ ኋላ ሲጠመዝዘው መሬቱን ትስማለች።

«የዳዊን አልጋ አንጥፊለት» ትላለች፤ ጉንጯ አስፋልቱን ነክቶ፣ ፊቷ በርቶ። ጥቁሩ መኪና ማዕዘኑ ላይ ይታጠፋል።