ሁለት ብርድ ልብስ

የተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ከቤቷ የሁለት ቀን መንገድ እንደሚርቅ ስትሰማ፣ እናቷ እንዳታይባት ጓዳ ገብታ ነበር የሳቀችው። እናቷ ግን እስከ ሬጅስትራሩ መስኮት ድረስ ተከትላት መጣች። ሰልፉ ላይ ከኋላዋ ቆማ ኮሌታዋን ታስተካክላለች፤ ሊያወራት የሞከረውን ልጅ ሁሉ በዓይኗ ታባርራለች።

«እማዬ፣ በቃ ሂጂ፤ አውቶቡስ ያመልጥሻል።»

«አያመልጠኝም።»

አዲስ ተማሪ አንድ ብርድ ልብስ ይዞ እንዲመጣ ነበር የተነገረው። እናቷ «አገሩ ይበርዳል» ብላ ሁለት ጠቅልላለች።

ልጅቷ ተመዝግባ የዶርም ቁልፏን እንደተቀበለች፣ የሬጅስትራሩ ሠራተኛ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«እናት፣ ወላጆች ከግቢ ውጭ ነው የሚጠብቁት።»

እናትየው የራሷን ጉርድ ፎቶዎች ከቦርሳዋ አውጥታ መስኮቱ ላይ ደረደረች።

«እኔም በግል ተፈትኜ እዚሁ ተመድቤ ነው። ወንድሜ፣ ዶርም ከልጄ ጋር አድርገኝ።»