በባዶ ሆድ

ሰባት ወር ጸበል ቦታ ቆይቶ፣ አረቄውን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ አንድ ማለዳ ቤቱ ደረሰ። ሚስቱ አስካለ በሩን ከፈተችለትና ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከደስታ ብዛት መሰለው።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አበሳዋን ሲያሳያት ኖሯል። ቤት ውስጥ ሲጠጣ ብቻውን አይሆንለትም ነበር። «ቀድቶ የማይቀምስ የሰው ነፍስ ሊያጠፋ ያሰበ ነው! ቅመሽልኝ እንጂ!» እያለ፣ እሷ ቀምሳ ካላቀበለችው አንዲት መለኪያ አያነሳም። መጀመሪያ መጀመሪያ ፊቷን ታጨማድድ ነበር። ኋላ ላይ ማጨማደዱን ተወችው፤ እሱ ግን ልብ አላለም።

ይዞት የመጣውን ጀሪካን ከትከሻው አወረደና ጸበሉን በኩባያ ቀዳላት።

«እንኪ፣ አስኩዬ፣ ጠጪ። ስላንቺም ስጸልይ ነው የከረምኩት።»

አስካለ አልተቀበለችውም። «ጸበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው» አለች ከነጠላዋ ስር። «እኔ ቁርስ በልቻለሁ።»

«በዚህ ማለዳ?»

ዞር ብሎ ጓዳውን አየ። ምድጃው ቀዝቃዛ ነው። የእንጀራው መሶብ ክዳኑ ወልቆ ባዶውን ተቀምጧል፤ አንድም የተነካካ ሳህን የለም።

«ምን በላሽ?» አላት፣ ኩባያውን እንደያዘ።

አስካለ ነጠላውን ቀስ አድርጋ ከአፏ ላይ አወረደችው። ያ ሰባት ወር የሸሸው ሽታ ፊቱ ላይ መጣበት።

«አንተ ስትተወው» አለችው፣ «መቅመሱ እኔ ላይ ቀረ።»