አደራ፣ እኔ መሆኔ እንዳይታወቅ

ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ በሚሠራው ፎቅ በር ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «የሰደበዎት፣ ያስፈራራዎት አለቃ አለ? ይደውሉ። ስምዎ በምስጢር ይያዛል» ይላል። ከሥሩ የዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ቁጥር አለ።

የቀን ሠራተኞቹ አነበቡት፤ አንብበውም ያላነበቡ መስለው አለፉ። ካቦው መርሻ እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆሞ ነበራ።

መርሻ መጀመሪያ ሳቀበት፤ ቀጥሎ አሰበበት። ሰኞ የሳይት ኃላፊ ይሾማል። ወይ እሱ ነው፣ ወይ የላይኛው ፎቅ ካቦ ፍቅሬ። ፍቅሬ ደግሞ ሲቆጣ እንኳ «እባክህ» የሚል ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲጮህ የኖረ ሰው በ«እባክህ» ሊበለጥ?

መርሻ በአቅራቢያው ካለው የካሊድ ሱቅ ገባና ባንኮኒው ላይ ያለውን ስልክ ተዋሰ። ድምፁን እንደ ጀማሪ ሠራተኛ አለሳለሰ።

«እመቤቴ፣ ካቦው አስመርሮናል። ሄልሜት ይወረውርብናል፣ በእናታችን ይሰድበናል። መልስ የሰጠውን ነፋስ ወዳለበት የርብራብ ጫፍ ይሰደዋል።»

ለመፈልሰፍ አልተቸገረም፤ ቃሉ እንደ ውሃ ወረደለት። ስም ግን አልጠራም። የቀን ሠራተኛ ካቦን በስም ጠርቶ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ብልጠት ከመርሻ በቀር ማን ያስባል? «አደራ፣ እኔ መሆኔ እንዳይታወቅ» ብሎ ሦስቴ ለመነና ዘጋው። ፍቅሬ አለቀለት።

ዓርብ ዕለት ወይዘሮ ጽጌ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጡና በሳይቱ ኮንቴነር ውስጥ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አነጋገሩ። የመርሻ ልብ ቅቤ ጠጣ። ማዶ ካለው ካፌ ተቀምጦ ማኪያቶውን እያማሰለ ፍቅሬን በዓይኑ ሸኘው።

ሰኞ የተሾመው ፍቅሬ ሆነ። መርሻ ታገደ።

ደሙ ፈላ። ግንበኛውን ኢስማኤልን ኮሌታውን ጨምድዶ ያዘው። ባለፈው ርብራቡ ጫፍ ላይ ሲንቀጠቀጥ የዋለው እሱ ነው፤ ዓርብም ከኮንቴነሩ ፈገግ ብሎ ሲወጣ ታይቷል።

«አንተ ነህ የደወልክብኝ።»

«ኧረ ካቦ፣ እኔ ምን ድፍረት አለኝ? ሄልሜት የሚወረውረው የቱ ነው አሉኝ፣ መለስኩ። በቃ።»

መርሻ አላመነም። ኢስማኤልን ገፍትሮት ወደ ኮንቴነሩ ገሰገሰ።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ የጠቆመብኝን ሰው ስም ይንገሩኝ። እንጀራዬን ነው የቆረጠው፣ እኔም አልለቀውም።»

«አይነገርም። ቃል ገብተናል።»

«ገባኝ። ተማክረው ሁሉም ደውለዋል።»

ወይዘሮ ጽጌ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሁሉም ቢደውሉማ ጥሩ ነበር፣ አቶ መርሻ። ማስታወቂያው ከተለጠፈ ወዲህ የደወለልን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ መሆኔ እንዳይታወቅ ብሎ ሦስቴ አደራ ብሎናል።»