ፍርፋሪ

ዶክተር የምወድሽ የተሸለመችውን ዋንጫ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆመችና ከልጇ ከሶልያና ጋር ለራት ተቀመጠች። የምትሠራበት የትምህርት ሥነ ልቦና ፋኩልቲ በምርምር ከዓለም አንደኛ ወጥቷል። እሷና ባልደረቦቿ ባገኙት ዘዴ የተማረ ልጅ አንዴ የሰማውን መቼም አይረሳም፤ ዘዴው መጀመሪያ የተሞከረውም በዚህችው በሶልያና ላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጋዜጠኞች የምወድሽን ሲጠይቋት፣ እሷም ሳትደናቀፍ ስትመልስላቸው ነው የዋለችው።

ሶልያና አንድ እጇን ከሥር ዘርግታ ዳቦዋን ትገምጣለች። ፍርፋሪ ጠብ አይልም።

«ሶሊዬ፣ ምነው እንደዚህ ተሳቀሽ ትበያለሽ?»

ልጅቷ ቀና አለች። ከአፏ የወጣው ድምፅ ግን የእናትየው ነበር፤ ንዴቱ እንኳ ሳይቀር።

«‹አታዝረክርኪ አላልኩሽም? ምን ዓይነት ቀፋፊ ልጅ ነሽ!› ብለሽኝ ነበራ። መዋዕለ ሕፃናት እያለሁ።»

የምወድሽ ትዝም አላላት። እሷ በዘዴው አልተማረችም። የያዘችውን ቁራሽ ሳህኗ ላይ መለሰች።

«ይቅር በይኝ የኔ እናት። ደክሞኝ ነው የሚሆነው።»

«እሺ፣ ይቅር ብዬሻለሁ።» ሶልያና የዘረጋችውን መዳፍ አየት አደረገች። «ግን እማዬ፣ ይቅር ካልኩ በኋላ እንዴት ነው የሚቀረው?»